ጠዋት ጠዋት የሚያመው ማሞቂያ

ማሞቂያው «ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት» ይላል። ልጅቷ ደህና ናት፣ ሞቃለች፣ እኔም ልረፍበት ማለቱ ነው። ነርስ ትሕትና ግን የሕፃኗን እግር በመዳፏ ያዝ ስታደርገው ዝናብ ሲመታው ያደረ ጠጠር የጨበጠች መሰላት። ቴርሞሜትሩን በሕፃኗ ብብት ሥር ከትታ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ሠላሳ አራት ነጥብ ስምንት።

«ወይኔ ጉዴ! ዛሬም?» አለች።

ሕፃኗ ሰኞ ነው ከወሯ ቀድማ የተወለደችው፤ ይኸው ሐሙስ ሆነ። ክብደቷ አንድ ኪሎ ተኩል። እንዲህ ያለች ልጅ ከበረዳት መተንፈስ ትረሳለች፤ ከረሳች ደግሞ አለቀ። ጤና ጣቢያዋ ያለችው ከሮብ ገበያ ሽቅብ ወደ ጮቄ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው፤ በሐምሌ እዚያ ጎልማሳውም ይንዘፈዘፋል። ወደ ደብረ ማርቆስ እንዳይልኳት ጎርፍ መንገዱን በልቶት አምቡላንሷ ማዶ ቀርታለች። እናቷ ታየች በደረቷ አቅፋ እንዳታሞቃት ብዙ ደም ፈሷት፣ ትኩሳት ይዟት፣ ራሷ ትንቀጠቀጣለች። አያቷ እማማ ወለተ ኪዳን ደግሞ ሳል አለባቸው። የአክታቸው ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ትሕትና «እማማ፣ ልጅቷን እንዳይነኩብኝ፤ በሩ ላይ ሆነው ይዩዋት» ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። የቀረው ማሞቂያው ብቻ ነው።

የማሞቂያው ነገረ ሥራ ቀላል ነበር። ከላይ የሚግል ብረት አለ፤ ከታች ትንሽ አልጋ፤ ከጎን ስክሪን። አንዲት ቀጭን ሽቦ ከማሽኑ ወጥታ በሕፃኗ ሆድ ላይ ትለጠፋለች። ሽቦዋ «በርዳለች» ስትል ብረቱ ይግላል፣ «ሞቃለች» ስትል ይበርዳል። ያለ ሽቦዋ በእጅ የሚያሠራ ቁልፍም ነበረው፤ እሱ ግን ገና ሲመጣ ተሰብሮ ነው የመጣው። ማን ጠይቆ!

መጀመሪያ የጮኸው ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ቀይ መብራቱን እያበራ ቤቱን አናወጠው። እማማ ወለተ ኪዳን ከበሩ ላይ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ትሕትና ሮጣ መጥታ ሽቦዋ ወደ ማሽኑ የምትገባባትን ሶኬት ጫን ብታደርጋት፣ ለካ ላልታ ኖሯል፣ ማሽኑ ጸጥ አለ። ሁለት ሌሊት ያልተኛች ሴት ምን ትላለች? ሳቀች። «ምን ሰይጣን እንደገባበት እንጃ! እማማ፣ ከጠበልዎ ለሱም ጣል ያድርጉለት እስቲ!» አለች። ታየችም በአልጋዋ ላይ ሆና ፈገግ አለች። እማማ ግን አልሳቁም። ትሕትና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች፤ የተናገረችውንም እዚያው ረሳችው።

ታዲያ ረቡዕ ጠዋት ማሞቂያው ማበል ጀመረ። ልጅቷ በርዳ ሳለ «ሞቃለች» ብሎ ብረቱን አጥፍቶ ተቀመጠ። ትሕትና ለአንሙት ደወለችለት። አንሙት ደብረ ማርቆስ ያለ መሐንዲስ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አብረው ነበሩ፤ ለማሽን ፕሮግራም መጻፍ ላይ የሚያክለው የለም ይባላል።

«ስክሪኑ ላይ የስህተት ቁጥር አለ?» አላት።

«የለም።»

«ፕሮግራሙ ቆሟል እንዴ?»

«ኧረ እየሠራ ነው። የሚያወራው ግን ውሸት ነው።»

«ከቴርሞሜትሩ በስንት ይበልጣል?»

«ወደ ሁለት ግድም።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ልኩ ተዛብቷል ማለት ነው። እሱ ከጨመረ አንቺም ጨምሪበት። ሠላሳ ስድስት ተኩል ላይ ጠብቅ ያልሽውን፣ ሠላሳ ስምንት ላይ ጠብቅ በዪው።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እንዳለው አደረገች። ብረቱ ጋለ፣ ሕፃኗም ሞቀች፣ ትሕትናም «ተመስገን» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሳ ብታያት ልጅቷ እንደ በርበሬ ቀልታ፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ። ስክሪኑም ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ።

«አንሙት! ልጅቷን ልትቀቅልብኝ ነው!» ብላ በስልክ ጮኸችበት፤ ልኩንም ወደ ነበረበት መለሰችው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲውልም ሲያድርም እውነቱን ተናገረ። አንሙት «ይኸው፣ ተስተካከለልሽ» አላት። እሷም አመነችው፤ ማመን ፈልጋ ነበርና።

አንሙትን አትርገሙት። ልጁ ቅን ነው፤ የተጠየቀውን መለሰ። ቁጥር ነገረችው፣ በቁጥር መለሰላት። ጠዋት የዋሸው ማሽን እኩለ ቀን ላይ ከቴርሞሜትሩ ጋር ለምን አንድ እንደሆነ እሱም አልጠየቀ፣ እሷም አላሰበችው።

እነሆ ሐሙስ ጠዋት ያው ውሸት ተመልሶ መጣ፤ ያውም ብሶበት። ትሕትና ቴርሞሜትሩን እንደያዘች የሕፃኗ ደረት መነሳት መውረዱን ተወ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ከንፈሯ ጠቆረ። ትሕትና የእግሯን መዳፍ በጣቷ መታ መታ ስታደርጋት ልጅቷ ሲቅ ብላ ተነፈሰች። ሽቦዋን ከሆዷ ላቀቀችና ሕፃኗን አንስታ ከጋዋኗ ሥር፣ ከገላዋ ጋር አድርጋ በነጠላ ጠፍራ አሰረቻት። በላይዋ ላይ ብርድ ልብስ ደረበች። እንዲህ ሆና ምን ያህል ልትቆይ? ከውጭ አሥራ አንድ በሽተኛ ተሰልፏል፤ የታየች መርፌም ሰዓቱ ደርሷል። ስልኳን አንስታ አንሙትን ጠራችው።

«ቦርዱ ሞቷል ማለት ነው» አለ አንሙት። «አዲስ አበባ መላክ ነው። ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

«ሦስት ሳምንት? አንተ ሰው፣ ይህች ልጅ ሦስት ሰዓት የላትም!»

«ትሕትና፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ የማውቀው ቁጥሩ ማሽኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ያለውን ነው። ቁጥር ከመሆኑ በፊት ያለው፣ ሽቦው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ፍሬ፣ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። ትናንትም ይህን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። መምህርት ፍቅርአዲስ ታውቀዋለች፤ ኤሌክትሮኒክስ ስታስተምር ሃያ ዓመቷ ነው። ስልኳን ልኬልሻለሁ። ቁጡ ናት፤ ቻያት።»

ትሕትና ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። አንድ እጇ የሕፃኗን ጀርባ ይዟል።

«መምህርት፣ የምደውልልዎ ከሮብ ገበያ በላይ ካለች ጤና ጣቢያ ነው። የሕፃናት ማሞቂያችን ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት እያለ…»

«ቁጥሩን ተዪው» አለች ፍቅርአዲስ።

«እሺ፣ ግን ስክሪኑ ላይ…»

«ስክሪኑንም ተዪው አልኩሽ! ነርስ አይደለሽ? ሰው ‹አሞኛል› ብሎ ሲመጣ ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?»

ትሕትና ግራ ገባት። «የት ላይ ነው የሚያምህ፣ መቼ ጀመረህ፣ መቼ ይብስብሃል፣ ምን ነክቶህ ነበር…»

«ለማሽኑስ ይህን ጠይቀሽለታል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እሱ አፍ የለው፤ አንቺ ካልነገርሽለት ማን ይንገርለት? መቼ መቼ ነው የሚዋሸው?»

«ጠዋት» አለች ትሕትና። አፏ ሲናገረው ነው ለራሷም የገባት። «ትናንትም ጠዋት፣ ዛሬም ጠዋት። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ግን ትክክል ነበር። ማክሰኞም ትክክል ነበር።»

«ጎሽ። አሁን መናገር ጀመርሽ። ስሚኝ። ማሽንሽ ሙቀት የሚባል ነገር አያውቅም። በሽቦዋ ጫፍ አንዲት ፍሬ አለች። ስትሞቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፤ ስትበርድ ጥቂት። ማሽኑ ያለፈውን ይለካል፤ ብዙ ካለፈ ‹ሞቃለች› ይላል። መስኖ ታውቂያለሽ?»

«የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ።»

«እንግዲያስ ይገባሻል። ውሃው በአንዱ ቦይ ብቻ መምጣት ሲገባው በጎን ሌላ መንገድ ካገኘ፣ ማሳው ላይ የሚደርሰው ይበዛል። ማሽንሽም የትኛው በየት እንደመጣ አይለይም፤ ሁሉንም ከልጅቷ ሙቀት ይቆጥረዋል። ጎን ለጎን መንገድ የሚሠራው እርጥበት ነው፣ ጨው ነው፣ ላብ ነው፣ እድፍ ነው። ጠዋት የሚረጥብ፣ ቀን የሚደርቅ ነገር ፈልጊ። ለዚህ ነው ጨምሪበት፣ ቀንሺበት የማይሠራው። ሲደርቅ ውሸቱም አብሮ ይጠፋል።»

ትሕትናን የትናንቱ የሕፃኗ የቀላ ፊት ትዝ አላት።

«አሁን ምን ላድርግ?»

«የሽቦዋን ጫፍ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትርሽ ጋር ንከሪያት። አሁንም ከዋሸ፣ ጥፋቱ የልጅቷ ቆዳ ላይ አይደለም።»

ትሕትና በአንድ እጇ ከፔርሙዝ በኩባያ ውሃ ቀዳች፤ ቀዝቃዛ ጨመረችበት። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስድስት አለ። ስክሪኑ ሠላሳ ስምንት።

«ይዋሻል! ውሃውንም ይዋሻል!»

«እሰይ! እንግዲህ ከጫፉ ወዲህ ነው። ማሽኑን አጥፊው፤ ከግድግዳው ንቀዪው። ከዚያ ሽቦዋን ወደ ማሽኑ የምትገባበት ላይ…»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ብትደውል፣ ብትደውል፣ የለም። በዝናብ ቀን የዚያ አገር ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣም ሲሄድም አይናገር።

ሕፃኗ በደረቷ ላይ ቀለል አለቻት። ትሕትና ቆም ብላ አዳመጠች። የለም፣ ትንፋሽ የለም። ጀርባዋን አሸት አሸት አደረገቻት። «ተንፍሺ እናቴ፣ ተንፍሺ፣ አደራሽን!» ልጅቷ እንደገና ሲቅ አለች። ታየች በክርኗ ተደግፋ «አለች? አለችልኝ?» ብላ ጮኸች። «አለች» አለቻት ትሕትና፤ ድምፅዋ ግን እንኳን ታየችን ራሷንም አላሳመናት።

ማሽኑን አጠፋች፤ ከግድግዳው ነቀለች። ሽቦዋን ከሶኬቷ ስባ አወጣችና በስልኳ መብራት ቀዳዳዋን አየች። ውስጡ ግራጫ ነገር ለብሷል። በጥፍሯ ጫፍ ጫር አድርጋ በጣቶቿ አሸችው። እርጥብ አመድ ነው።

እዚያ ክፍል ምድጃ የለ፣ ከሰል የለ። ትሕትና ግን ይህን አመድ ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ግንባሯን ተቀብታዋለች። ከጠበል ቦታ የሚመጣው የተባረከው አመድ ነው፤ እምነት የሚሉት። ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረች።

እማማ ወለተ ኪዳን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የጠበል ፕላስቲክ፣ በሌላው የተጠቀለለች ወረቀት ይዘዋል።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ ይህን ማን ነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሳያቅማሙ። «ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ስመለስ፣ አንቺ መርፌ ልትወጊ ስትወጪ። እምነቱን በጠበሉ ለውሼ፣ በሽቦዋ ሥር እንዲዘልቅ አድርጌ። ትናንትም ቀባሁት፣ ዛሬ ደግሞ አብዝቼ።»

«ለምን? እማማ፣ ለምን? ልጅቷን ሊገድላት ነበር እኮ!»

ትሕትና እንዲህ መጮኋን የሰማችው ድምፅዋ ከወጣ በኋላ ነው። አሮጊቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያዘዝሽኝ?»

«እኔ?»

«ማክሰኞ ሲጮህ ጊዜ። ‹ከጠበልዎ ለሱም ጣል ያድርጉለት› አላልሽኝም? እዚያች ቀዳዳ ላይ ነካ ስታደርጊው ዝም አለ፤ እንግዲያው የሚያመው እዚያ ነው ብዬ ያዝኩ። የልጄን ልጅ እንዳልነካት ከልክለሽኛል፣ ልጄ። እሺ ብያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልነካኋትም። እሱን ግን አልከለከልሽኝም። ለእሷ ያልሆንኩላትን ለእሱ ልሁንለት ብዬ ነው።»

የትሕትና ፊት ጋለ። ሁለት ቀን ሙሉ ለአንሙት ቁጥር ቆጥራለታለች፤ ለመምህርቷም ስለ ጠዋትና ስለ ቀን ነግራታለች። ማክሰኞ ከአፏ ያመለጠውን ነገር ግን ለማንም አልተናገረችም። ለቀልድ የወረወረችውን እኚህ ሴት እንደ ሐኪም ትእዛዝ ተቀብለው፣ በዝናብ እየተመላለሱ ፈጽመውታል። ያፈረችው ማፈር እንዲህ ነው ብሎ መናገር አይቻልም።

«አላጠፉም፣ እማማ» አለች።

ስንጥር ላይ ጥጥ ጠመጠመች፣ በአልኮል ነከረችው፣ ቀዳዳዋን ጠረገች። ጥጡ አመድ ለብሶ ወጣ። ሌላ ጠመጠመች። ሕፃኗን በግራ ክንዷ ደግፋ፣ በቀኟ እየጠረገች፣ በየመሃሉ ትንፋሿን ታዳምጣለች። ሦስተኛው፣ አራተኛው… ስድስተኛው ጥጥ ነጭ እንደሆነ ወጣ። የሽቦዋንም ጫፍ ጠረገች። አልኮሉ እስኪተን መጠበቅ ግድ ነው፤ አሁን ቸኩላ በእርጥቡ ብትሰካው ያው ውሸት ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ቆመች። በሕይወቷ እንደዚያ አሥር ደቂቃ የረዘመባት ነገር የለም። በሩ ላይ እማማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አያወጡም።

ሰካችው። አበራችው። ሕፃኗን አስተኝታ ሽቦዋን በሆዷ ላይ ለጠፈች።

ስክሪኑ ጥቂት አመነታና ሠላሳ አምስት ነጥብ አንድ አለ። በብብቷ ያለው ቴርሞሜትርም ሠላሳ አምስት ነጥብ አንድ። ወዲያው ከላይ ያለው ብረት ጠቅ ብሎ መጋል ጀመረ። ትሕትና የቁጥር ማነስ እንዲህ ያስደስታል ብላ አስባም አታውቅ፤ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ታየችም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራት አለቀሰች።

ሠላሳ አምስት ተኩል። ሠላሳ ስድስት። ትሕትና በየአሥር ደቂቃው ቴርሞሜትሩን ከስክሪኑ እያስተያየች፣ ከአልጋው አልራቀችም። በሽተኞቹም ሲነገራቸው ገብቷቸው ዝም ብለው ጠበቁ። ሠላሳ ስድስት ተኩል ላይ ሁለቱም ቆሙ፤ የሕፃኗም ጣቶች ሮዝ ሆኑ። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

«ምን አገኘሽ?» አለች ፍቅርአዲስ፤ ሰላምታም የላት።

«አመድ። ሶኬቷ ውስጥ፣ በውሃ የተለወሰ።»

«አመድና ውሃ? እሱማ ጥሩ መንገድ ይሆናል። ልጅቷስ?»

«ሞቃለች። ትተነፍሳለች።»

«ተመስገን። ለመሆኑ ማን ነው አመድ እዚያ ያገባ?»

ትሕትና ስልኩን ያነሳችው እንደ ቅድሙ በድምፅ ማጉያ ነበር። እማማ ወለተ ኪዳን በሩ ላይ አንገታቸውን ደፉ፤ ፕላስቲኩንና ወረቀቷን ወደ ኋላቸው ደበቁ። ታየችም እናቷን አየች፤ ቀጥላ ትሕትናን።

«እኔ ነኝ» አለች ትሕትና። «ማክሰኞ ሲጮህ ‹ጠበል ይረጩበት› ብዬ አዘዝኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ለሁላችሁም ቁጥር ሳወራ ይህን ደብቄያችሁ ነበር። ደብቄ እንኳ አይደለም፤ ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩትም።»

ፍቅርአዲስ ትቆጣለች ብላ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን በለዘበ ድምፅ «ሌላ ጊዜ ከዚያ ጀምሪ» አለቻትና ስልኩን ዘጋች።

ትሕትና ወደ በሩ ሄደች። ከእማማ እጅ ፕላስቲኩንና ወረቀቷን ተቀብላ ከታየች ራስጌ አስቀመጠችላቸው። ወደ መታጠቢያው ወሰደቻቸው፣ በሳሙና እስከ ክርናቸው አስታጠበቻቸው፣ የአፍ መሸፈኛ አሰረችላቸው።

«አሁን ይምጡ። ከግርጌ በኩል ይሁኑና እግሯን ብቻ ይያዙልኝ።»

«እኔ? ልንካት?»

«ይንኳት።»

እማማ ወለተ ኪዳን ፊደል አልቆጠሩም፤ የስክሪኑን ቁጥር አያውቁትም፤ ቀናም ብለው አላዩት። የልጅ ልጃቸውን እግር በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉና ብዙ ቆዩ።

«ሞቃለች» አሉ።